የሲስተር ልጆች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፤ ስለ እናቴ ላወራችሁ ነው።

እናቴ ነርስ ነበረች። ሰፈራችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም፣ ለሁሉም «ሲስተር» ናት። እኛም የሲስተር ልጆች ነን። ያደግነው ደሴ ነው። እሷ የተማረችው ግን ጎንደር፣ ያኔ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በሚባለው ነው። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ዓላማው ለገጠሩ ሰው የሚደርስ ባለሙያ ማውጣት ነበር። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒተሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) እዚያው ይሠለጥናሉ፣ አብረው ገጠር ይወጣሉ። ይኼ ነገር አልለቀቃትም። እስከ ዛሬ ሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው የውኃ ማስቀመጫውን ነው። ክዳን ከሌለው አለቀላችሁ።

አባቴ ወታደር ነበር። መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ የሚባለው ጦር ሲደመሰስ እዚያው ቀረ። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ታናናሾቼ ገና ሕፃናት ናቸው። ለቅሶው እንዳበቃ እናቴ የነርሶቹ አለቃ፣ ማትሮኗ ዘንድ ሄዳ የአዳር ተራ ይሰጠኝ አለች። ሌላው ከአዳር ይሸሻል፣ እሷ ትለምናለች። ማታ እኛ እንተኛለን፣ አያታችን አለች። ጠዋት ስንነሣ ከሥራ መጥታ ቁርስ ታበላናለች። ለምሳ ስንመጣም ቤት ናት። መቼ ነው የምትተኛው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አላስታውስም።

ሌሊት ዋርዱ ጋብ ሲል ሹራብ ትሠራለች። የልጅነት ሹራቦቻችን በሙሉ የአዳር ሹራቦች ናቸው። የአንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝም ነበር። «ያን ቀን ድንገተኛ በዝቶብኝ ነው» ትላለች፣ ምንም ሳታፍር።

ጠዋት ስትመጣ እየሮጥን እንቀበላታለን። እሷ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ «ቆዩ! ቆዩ!» ትላለች። ግቢው ቧንቧ ላይ እስከ ክርኗ በሳሙና ሳትታጠብ አታቅፈንም።

ቤትም ሥራ አለ። ሐኪም መርፌ ያዘዘለት ሁሉ ብልቃጡን ይዞ የኛን በር ያንኳኳል። ያኔ ስሪንጁ የመስታወት ነው። ከነመርፌው በትንሽ ሳጥን ተደርጎ ቡታጋዝ ላይ ይቀቀላል፤ እሷ ሰዓቷን እያየች ትቆማለች። ፔኒሲሊን ከሆነ መጀመሪያ ክንድ ላይ ጠብታ የምታህል ቆዳው ውስጥ ወግታ ታስቀምጣለች። ቦታው ካበጠ አትወጋም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

«ኧረ ሲስተር፣ በእመቤቴ! ባለፈው ተወግቼዋለሁ እኮ!»

«ያ ያለፈው ነው። ቁጭ በይ።»

ገንዘብ አትቀበልም። እንቁላል ግን ትቀበላለች።

እኛ ስንታመም ምን እንደምትል ልንገራችሁ? ምላሳችንን ታያለች፣ ግንባራችንን ትነካለች፣ «ውኃ ጠጡ» ትላለች። በቃ። የጎረቤት ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ሾርባ ይሠራለታል፣ ብርድ ልብስ ይደረብለታል። እኛ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። የነርስ ልጅ የሆናችሁ ይገባችኋል።

አሁን ወደ ኋላ ልመለስ። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ኮረም ተልካ ነበር፣ እኛን ለአያታችን ትታ። ስለዚያ አታወራም። አንድ ጊዜ ብቻ ቡና እየቆላች «ቀን ቀን እናበላለን፣ ሌሊት ብርዱ ይወስዳቸዋል» አለች። ኮረም ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይከብዳል። በተጎዳ ሕፃን ላይ ደግሞ ኩፍኝ ሲጨመርበት አለቀ።

በዚያው ድርቅ መቀሌ የነበረችው እንግሊዛዊት የቀይ መስቀል ነርስ ክሌር በርትሺንገር ከብዙ ሕፃናት መካከል ጥቂቶቹን ለምግብ መምረጥ ነበረባት። ያንን ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል፣ ጭንቀቷንም በኋላ ራሷ ተናግራለች። ክብር ይገባታል። እኔ የሚቆጨኝ ከእንደሷ ዓይነቶቹ ጎን ሆነው በአማርኛና በትግርኛ «የእናንተ ልጅ ዛሬ አይገባም» ብለው ለወላጅ ያስረዱት ነርሶች ነገር ነው። እነሱን ማንም ማይክ ይዞ አልጠየቃቸውም።

ከዚያ ኤች አይ ቪ መጣ። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት እናቴ ቤተሰቡ የሸሸውን በሽተኛ አንሶላ ትቀይራለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ጓንት ሲጠፋ ከሌላ ዋርድ ትለምናለች። ቤት መጥታ የምትለን «ዛሬ ደክሞኛል» ብቻ ነው።

ሰዎች ሲያመሰግኗት «ብቻዋን ሦስት ልጅ ያሳደገች ጀግና» ይላሉ። እኔ ይኼን ስሰማ ትንሽ ያናድደኛል። ብቻዋን አልነበረችም። አያቴ ነበረች። ልጅ ሲታመምባት ተራ የምትቀይርላት ጓደኛዋ ነበረች። ፍሪጅ ያስገዛት የነርሶቹ ዕቁብ ነው። ደግሞ እሷም እንዲህ ስትባል ትቆጣለች። «ብቻዬን ብሆን ኖሮ አብጄ ነበር» ትላለች። ጀግና ያልነውን ሰው ትንሽ አረፍ በይ ማለት ይከብደናል መሰለኝ። ዕዳችንን በሙገሳ የከፈልን ይመስለናል።

ጡረታ ወጥታለች፣ ጉልበቷ ያማታል። እዚህ ፖድካስት ላይ እንድትቀርብ ስጠይቃት ከርሜያለሁ። «ምን ሠራሁና?» ትላለች። ባለፈው እሑድ ግን ተስማማን። ስለ ኮረም አንድም ጥያቄ አይነሣም፤ ስለ ጡት ማጥባትና ስለ ክትባት ከሆነ እስክትሰለቹ ድረስ ታወራለች። እና የሚቀጥለው ክፍል ይኼው ነው። አራስ ያላችሁ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ። አባቶችም ላኩ፤ እናንተን ነው በተለይ የምትፈልጋችሁ።