መብራት የሄደ መስሎኝ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ዳይሬክተራችን «10 ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። ቱሉ ዲምቱ ላይ በ10 ደቂቃ ታክሲም አይገኝ፤ እስቲ ልሞክር።

ሥራዬ ኳንተም ዶት መነጠል ነው። ኳንተም ዶት ደቃቅ የሴሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ፣ ቅንጣት ነው። 1 ሚሊ ሜትር በሆነች የጤፍ ፍሬ ላይ 5 ናኖ ሜትር የሆኑ ዶቶች ቢሰለፉ 200,000 ይገባሉ። ባዌንዲ፣ ብሩስና ኤኪሞቭ በ2023 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል የወሰዱት ኳንተም ዶትን በማግኘታቸውና በመሥራታቸው ነው።

ውጭ አገር ስማር ፕሮፌሰሬ «አንድ ዶት ብቻ አሳየኝ» አለኝ። ዶቶቹ ቶሉይን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ናቸው። አንድ ጠብታ ወስጄ አቀጥናለሁ፤ ደግሜ አቀጥናለሁ። ጠላ ቢሆን እንግዳ ሁሉ ይሸሸኝ ነበር። መስታወት ላይ ጠብ አድርጌ በፍጥነት አሽከረክረዋለሁ። ከዚያ ጨለማ ክፍል፣ ሌዘር፣ ማይክሮስኮፕ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያየሁት ተጣብቀው የሚያበሩ ክምሮችን ነው። አንድ ሌሊት አንዲት ቀይ ነጥብ ድርግም አለች። እኔ የዚህ ሰፈር ልጅ አይደለሁ? «መብራት ሄደ!» ብዬ ተነሣሁ። ሶኬቱን ነካካሁ። ስመለስ በርታለች። ደግሞ ድርግም! ለካ ብቻዋን የሆነች ዶት እንዲህ ናት፤ ትበራለች፣ ትጠፋለች። ክምር ውስጥ ግን አንዷ ስትጠፋ ሌላዋ ስለምትበራ አይታወቅም። ለማረጋገጥ ብርሃኗን ለሁለት ከፍለን በሁለት መቁጠሪያ ጠበቅን። አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የብርሃን ቅንጣት፣ ሁለቱ ጋ አይደርስም፤ ሁለቱ አብረው ካልቆጠሩ ዶቷ ብቻዋን ናት።

በዶት ለሚሠራ የብርሃን መሣሪያ የሚፈለገውም ይኸው አንድ አንድ እያለ የሚወጣው ፎቶን ነው። ችግሩ ቦታው ነው። ለምሳሌ ኢንዲየም አርሰናይድ የሚባለው ሴሚኮንዳክተር፣ ጋሊየም አርሰናይድ በሚባለው ሌላ ሴሚኮንዳክተር ላይ እንደ ጤዛ ዶት ሆኖ ይቋጠራል፤ የት እንደሚቋጠር ግን እሱ ነው የሚያውቀው። አንዳንዱ መሣሪያውን አስቀድሞ ይሠራና ዶቷ መሃል ላይ እንድትገኝለት ይጸልያል። ሌላው በሄሊየም እስከ 4 ኬልቪን (ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) አቀዝቅዞ ይፈልጋታል፤ ካገኛት በኋላ መሣሪያውን እንደ ቤት ዙሪያዋን ይሠራል።

አሁን ወደ መጣሁበት። ከተመለስኩ በኋላ አንድ ተቋም ጥሩ ማይክሮስኮፕ እንዳለው ሰማሁ። ንብረት ክፍል ሄድኩ። ካርቶኑ አልተከፈተም። ለምን? «እንዳይበላሽ!» የዕቃ መጠየቂያውን ቅጽ፣ ሞዴል 20፣ ሞላሁ። የዕቃ ማውጫውን፣ ሞዴል 22፣ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። አራት ወር ስብሰባ! በመጨረሻ ሲከፈት ሌንሱን ሻጋታ ወርሶታል።

ወገኖቼ፣ ያንን ዕቃ ያበላሸው ተማሪ ነው? ቁልፍ ነው! ተማሪ የሰበረውን ሌንስ እኔ ከደሞዜ እከፍላለሁ። ሻጋታ የበላውንስ ማን ይከፍላል?

ስለ በጀትም ስለ መማሪያ መጽሐፉም ጽፌ ነበር። ሰዓቱ አልቋል፤ ይለፈኝ።

ሦስት ብልቃጥ ይዣለሁ። ሦስቱም ውስጥ ያሉት ካድሚየም ሴሌናይድ ከሚባል ሴሚኮንዳክተር የተሠሩ ዶቶች ናቸው፤ የሚለያዩት በዶቶቹ መጠን ብቻ ነው። ትንንሾቹ ወደ ሰማያዊ፣ ትልልቆቹ ወደ ቀይ ያበራሉ። ካድሚየም መርዝ ነውና ክዳኑን እንዳትከፍቱ። ብልቃጡን ግን ያዙት፣ አገላብጡት። መጋረጃው ጋ ያላችሁ ልጆች፣ ዝጉልኝ እስቲ።