ውሃው ይተናል፣ ጨውስ?

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። ከጀርባዬ የምትሰሙት የባጃጅ ጡሩምባ ነው፤ ምንም ማድረግ አልቻልኩም።

እህቴ ንፍሮ ስትቀቅል ጨው ቀድማ ጣል ታደርጋለች። ውሃው ይበልጥ ይሞቃል ባይ ናት። እውነቷን ነው። ግን ምን ያህል?

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንፍሮውን የሚያዘገይብን እሱ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 6 ግራም በሉት፣ ብትጨምሩ መፍያው ከፍ የሚለው በ0.1 ዲግሪ ነው። በቃ። 100 ለማድረስ 300 ግራም ገደማ ጨው ይፈልጋል። እስቲ ያንን ንፍሮ ማን ይበላዋል?

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። በጨው ፈንታ 6 ግራም ስኳር ብታደርጉ ለውጡ የጨውን አንድ አስራ ሁለተኛ ቢሆን ነው። ለውሃው ቁም ነገሩ ክብደት አይደለም፤ ስንት ቅንጣት ገባ የሚለው ነው። የስኳር ሞለኪውል ግዙፍ ነው፤ ሲሟሟም አይከፈልም። ጨው ግን ለሁለት ይለያያል፤ ሶዲየሙ ለብቻው፣ ክሎራይዱ ለብቻው፣ ሁለቱም ቻርጅ ይዘው። ይህን ሐሳብ በ1884 በዶክትሬት ጽሑፉ ያነሳው ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ነው፤ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ፈታኞቹ ዝቅ ያለ ውጤት ሰጥተው ሸኙት። በ1903 በዚያው ነገር ኖቤል ወሰደ። ደስ አይልም?

ከድስቱ በእንፋሎት የሚወጣው ታዲያ ውሃው ብቻ ነው። ጨው ንቅንቅ አይልም። ጣናም ላይ ያው ነው። በክረምት የሚደፈርሰው ውሃ ቡናማነቱ የሟሟ ነገር አይደለም፤ ደለል ነው። በብርጭቆ ቀድታችሁ ብታሳድሩት አብዛኛው ይዘቅጣል። የሟሟው ግን ዓመት ብታስቀምጡት አይዘቅጥም። ብርጭቆው ሲደርቅ ነው ግድግዳው ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው።

ግልገል አባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከድንጋዩና ከአፈሩ ያሟሟቱትን ማዕድን ይዘው ጣና ይገባሉ። ፀሐይዋ ደግሞ ውሃውን ታተናለች። ታዲያ ሐይቁ እስካሁን ለምን ጨው አልሆነም? መውጫ ስላለው ነዋ! አባይ ይዞት ይወጣል። አፋር ያለው አፍዴራ ግን መውጫ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይከማቻል። ገበያ የምንገዛው የአፍዴራ ጨው ከዚያ የሚመጣ ነው።

አሳው የሚተነፍሰው ኦክስጅንም የሟሟ ነው። እሱ ደግሞ የጨው ተቃራኒ ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ጥሎ ይወጣል። ያንን ለሳምንት እናቆየው። ቻው።