ሙሌት በስኬጁሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲሆን

ጤና ይስጥልኝ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ግድብ ሙሌት ነው፤ በተለይ ስለ አፈር ግድብ። ብዙ ፕሮጀክት ላይ ሙሌት በስኬጁሉ ግርጌ «ውሃ መያዝ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል። እኔ ግን ከሥራው ሁሉ አደገኛው እሱ ነው ባይ ነኝ።

አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ቲተን የሚባል 93 ሜትር ከፍታ ያለው የአፈር ግድብ ነበር። ሙሌቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 መገባደጃ ነው። ውሃው በቀን ከ30 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይጨምር ተወስኖ ነበር። በማግስቱ ዓመት በረዶው ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ግን ዋናው የውሃ መውጫ ገና አላለቀም፤ የሚሠራው አነስተኛው ረዳት መውጫ ብቻ ነው። ገደቡ ወደ 60 ከፍ ተደረገ፤ በሜይ ወር ደግሞ ከ90 ሴንቲሜትር ያለፈበት ቀን ነበር። ልብ በሉ፤ ፍጥነቱን የወሰነው መሐንዲሱ ሳይሆን ወንዙ ነው። ቀንሱ ቢባሉስ ውሃውን በየት በኩል ያስወጡታል?

ጁን 5 ቀን 1976 ጠዋት፣ በእኛ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በቀኝ በኩል ድፍርስ ውሃ ታየ። ሁለት ቡልዶዘሮች ቀዳዳውን በአፈር ሊደፍኑ ሲገፉ ቀዳዳው ማሽኖቹን ዋጣቸው፤ ኦፕሬተሮቹ ለጥቂት አመለጡ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ግድቡ ተናደ። 11 ሰው ሞተ።

ጥፋቱን ሁሉ በፍጥነቱ ማላከክ አይቻልም። ኮሩ፣ ማለትም ውሃውን የሚያግደው የግድቡ መካከለኛ ክፍል፣ የተሠራው ነፋስ ካከማቸው ደቃቅ አፈር ነው፤ ውሃ ሲያገኘው ቶሎ ይሸረሸራል። የቀኙ አለት ስንጥቅ በስንጥቅ ነው፤ በሁለቱ መካከል አፈሩን የሚይዝ ፊልተር አልነበረም።

እናንተ ስኬጁል ስታወጡ፣ ዋናው መውጫ ተገጥሞና በሩ ተከፍቶ ተዘግቶ ሳይፈተሽ የወንዙ ማስቀየሻ (በግንባታው ጊዜ ወንዙ የሚያልፍበት መንገድ) እንዳይደፈን አድርጋችሁ እሰሩት። ሙሌቱን በእርከን ከፋፍሉት፤ በየእርከኑ የፒዞሜትሩ (በግድቡ ውስጥ ያለውን የውሃ ግፊት የሚለካው መሣሪያ) ንባብ እስኪረጋ ጠብቁ። ግርጌው ላይ ስርገቱን፣ ማለትም በግድቡ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣውን ውሃ፣ ሰብስባችሁ በ90 ዲግሪ ቪ-ኖች (ፍሰት በሚለካበት የV ቅርጽ ባለው መቁረጫ) አሳልፉት። እዚያ ላይ ከቪው ጫፍ በላይ 5 ሴንቲሜትር የውሃ ከፍታ በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ነው፤ 10 ሲሆን 4.4 ይደርሳል። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሆናል ማለት ነው፤ ስለዚህ ንባቡን የሚወስደው ሰው «ትንሽ ጨምሯል» ካላችሁ ቁጥሩን ጠይቁት። የሐይቁን ከፍታና የዘነበውን ዝናብም አብሮ ይመዝግብ፤ ያለዚያ ንባቡ ያሳስታል።

ደግሞ ከመጠኑ ይልቅ ጥራቱን እዩ። በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡት፤ ሥሩ ላይ አፈር ከዘቀጠ ግድቡ ከውስጥ እየተበላ ነው። እኔ ከአንድ ሊትር ድፍርስ ሃያ ሊትር የጠራ እመርጣለሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድፍርስ ቢታይ «ሙሌቱ ይቁም፣ በሩ ይከፈት» የሚለው ማነው? ተቋራጩ፣ አማካሪው ወይስ ባለቤቱ? ሙሌት ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። የሰውዬው ስልክ በር መቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ከሥሩም ከግድቡ በታች ያሉት ቀበሌዎች ስልክ።