ከ2:30 እስከ 4:30 ያለውን ጠዋት አትንኩብን

ክቡራን ኃላፊዎች፣ የመስኮትና የመዝገብ ቤት ባልደረቦች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሯል። እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ «የጊዜ አጠቃቀምና የሥራ ጭንቀት» ይላል። በዚህ ርዕስ ብዙ ሥልጠና ወስዳችኋል፤ የሥልጠናው ወረቀትም በየመሳቢያችሁ አለ። ስለዚህ ሁሉንም አልዘረዝርም። የመጣሁት ስለ ጠዋታችን ለመናገር ነው።

እዚህ ጎንደር ሰኞ ጠዋት 2:30ን እናስብ። ከቆላ ድባ በመጀመሪያው ሚኒባስ የተሳፈሩ አባት ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጋቢያቸው ሥር ይዘዋል። ከአዘዞ በባጃጅ የመጣች እናት ልጇን እንዳዘለች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። መስኮቱ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ይጠበቃል፤ ሁለት ሰው ይስተናገዳል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። «አስቸኳይ ስብሰባ አለ፣ ሁላችሁም ውጡ።» መስኮቱ ይዘጋል። ጥበቃውም ሁላችንም የምናውቃትን ቃል ለሕዝቡ ይናገራል፤ «ስብሰባ ላይ ናቸው።»

እስኪ እንቁጠረው። ከ2:30 እስከ 6:30 ያለው 240 ደቂቃ ነው። አንድ ባለጉዳይ 8 ደቂቃ ቢወስድ ጠዋቱ ለ30 ሰው ይበቃል። ስብሰባው 2 ሰዓት ከወሰደው ለ15 ብቻ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ 30 ሰው ይመጣል፤ ከቀሩት ጋር 45። 45 ጊዜ 8፣ 360 ደቂቃ ነው። 7:30 ላይ የጀመረ ሠራተኛ ይህን የሚጨርሰው ከምሽቱ 1:30 ነው። ወይ ያመሻል፣ ወይ 15 ሰው «ነገ ኑ» ብሎ ይሸኛል። «ነገ ኑ» ያለ ሰው ማክሰኞን የሚጀምረው 15 ሰው ዕዳ ይዞ ነው።

ወረፋ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሰው በዘፈቀደ በሚመጣበት፣ የአንዱም ጉዳይ አጭር የሌላው ረጅም በሚሆንበት መስኮት ሥራው የአቅሙን 80 በመቶ ሲሞላ፣ አንድ ባለጉዳይ ተራው እስኪደርስ በአማካይ የ4 ሰው መስተንግዶ ያህል ይጠብቃል። 90 በመቶ ሲሞላ የ9፣ 95 ሲደርስ የ19 ሰው ያህል። ከ90 ወደ 95 የጨመረው 5 በመቶ ነው፤ ጥበቃው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስብሰባ የመስኮቱን ሰዓት በቆረጠ ቁጥር ወደዚህ ጫፍ እንገፋለን። 9 ሰዓት ላይ ትከሻችሁ የሚደነድነው፣ እናት የሚሆኑ ሴትዮ ላይ ድምፃችሁ ከፍ የሚለው፣ ቤት ገብታችሁም ልጆቻችሁን ማናገር የሚያቅታችሁ ከዚህ የተነሳ ነው። ጠባያችሁ አልከፋም፤ ወረፋው ከአቅም በላይ ሆኖባችሁ ነው።

ግን «ሠራተኛው ሰነፍ ነው» ይባላል። ይህን ቃል ዛሬ በዚህ አዳራሽ አልቀበለውም! 25 ሰው ለ2 ሰዓት ሲሰበሰብ 50 የሥራ ሰዓት ወጣ ማለት ነው። የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሙሉ ሳምንት 39 ሰዓት ነው። በአንድ ጠዋት የአንድን ሰው ከሳምንት በላይ ሥራ አጥፍተን ስናበቃ፣ ሰነፉ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ናት? ያ ስብሰባ ውሳኔ ይዞ ቢወጣ እሺ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆኖ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው አጀንዳ እንደገና ይጠራል!

ስለዚህ ክቡራን ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ2:30 እስከ 4:30 ስብሰባ አይጠራ። ዓርብ ጠዋት ከመነሻው 3 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ጭራሽ አይነካ። ስብሰባ ከ10:00 በኋላ ይሁን፤ ከ45 ደቂቃ አይለፍ። አጀንዳው በዋዜማው በአንድ ገጽ ይድረሰን፤ የሚጠራውም የሚወስንና የሚፈጽም ሰው ብቻ ይሁን። የግድ ሁሉም የሚፈለግበት ቀን ከመጣ በየመስኮቱ አንድ ተረኛ ይቅር። እሳት ቢነሳ፣ ጎርፍ ቢመጣ ማንም ሰዓት አይቆጥርም፤ የሪፖርት ቅጽ መለወጥ ግን እሳት አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጊዜያችሁን የሚበላውን ሳታውቁ ዕቅድ አታውጡ። ለ3 የሥራ ቀን አንድ አንድ ገጽ ወረቀት ውሰዱና ቀኑን በግማሽ ሰዓት አስምሩት፤ 16 መስመር ይሆናል፣ ዓርብ 14። በየመስመሩ አንድ ፊደል ጻፉ፦ ለባለጉዳይ «ባ»፣ ለወረቀት ሥራ «ወ»፣ ለስብሰባ «ስ»፣ ሌላ ሰው ሥራችሁን ላስቆመበት «ቆ»። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማታ ከትውስታ ሲሞላ ነው። ማታ የሚታወሰው ያናደደን ነገር ብቻ ስለሆነ ገጹ በ«ስ» ይሞላል፤ አሥሯ ትንሽ «ቆ» ትረሳለች። ግማሽ ሰዓቱ እንዳለፈ ጻፉት። በሦስተኛው ቀን ቁጠሩ። «ቆ» ከበዛ መፍትሔው ጠረጴዛችሁ አጠገብ ነው፤ «ስ» ከበዛ ወረቀቱን ይዛችሁ ኃላፊያችሁ ዘንድ ግቡ። የተቆጠረ ነገር እንደ አቤቱታ አይታይም።

ከ8 ሰዓቱ የምታቅዱት 5ቱን ብቻ ይሁን። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆማል፣ ያልተጠበቀ ደብዳቤ ይመጣል፤ 3ቱ ሰዓት የዚያ ነው። 8ቱንም የሞላ ሰው 4 ሰዓት ላይ ዕቅዱ ፈርሶ ቀኑን ሙሉ ሲያባርረው ይውላል። ኔትወርክ የሚፈልገውን ሥራ ጠዋት አስቀድሙ፤ በእጅ የሚሠራውን ፋይል ማደራጀት መብራት ለጠፋበት ሰዓት አቆዩት። 11:15 ላይ የነገን ሦስት ሥራ ጻፉ፤ «ሪፖርት» ብላችሁ ሳይሆን «የሰኔን ደረሰኝ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር» ብላችሁ። «ሪፖርት» የሚል ቃል ጠዋት ሲታይ ከየት እንደሚጀመር አይነግርም።

ሪፖርትን ካነሳን፣ በየቀኑ የስንት ሰው ጉዳይ እንደተፈጸመ 5 ደቂቃ ወስዳችሁ በደብተር ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ሰኔ 28፣ 29 እና 30 አታድሩበትም።

የቴሌግራም መልእክት 4:30 እና 9:30 ላይ ይታይ፤ የቸኮለ ይደውላል። ጥርም አለላችሁ፤ ከተራ 10 ነው፣ እስከ 12 ከተማው ሁሉ ከታቦቱ ጋር ነው፣ እንግዳውም ብዙ ነው። በዚያ ሳምንት የሚደርስ ፋይል ካላችሁ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ጨርሱት።

የተሰመረው ወረቀት መውጫው በር ላይ አለ፤ ለእያንዳንዳችሁ ሦስት ሦስት ገጽ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ሙሉት፤ ሐሙስ 10:00 ላይ ለ45 ደቂቃ ተገናኝተን «ስ»ን እና «ቆ»ን እንቆጥራለን። ክቡራን ኃላፊዎች፣ የእናንተም ሦስት ገጽ እዚያው አለ።

አመሰግናለሁ።