የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ኩባንያዬ ውጭ አገር ሊመድበኝ ነው

ከለገሃር፣ የኔትወርክ መሐንዲስ፦ ጋሼ፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ለስምንት ወር ፍራንክፈርት ሂድ ተባልኩ። አለቃዬ «በቢዝነስ ቪዛ ግባና ጀምር፣ ወረቀቱ ይደርሳል» ይለኛል። ልሂድ?

እንዳትሞክራት! ልጄ፣ ይቺን «ወረቀቱ ይደርሳል» ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም። የቢዝነስ ቪዛ ለስብሰባ፣ ለድርድር፣ ለንግድ ትርኢት ነው፤ ያውም በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አያልፍም። ስምንት ወር የት ይገባል? የደንበኛውን ሰርቨር መነካካት ስትጀምር ሥራ ነው፤ «ደመወዜ የሚገባው አዲስ አበባ ነው» ማለት አያድንህም። ሻንጣህ ውስጥ የኬብል መቆንጠጫ፣ ስልክህ ላይ የስምንት ወር የቤት ኪራይ ውል ይዘህ «ለስብሰባ ነው የመጣሁት» ብትል ማን ያምንሃል?

ጀርመን ለዚሁ ጉዳይ የአይሲቲ ካርድ አላት፤ ድርጅት የራሱን ሠራተኛ ከውጭ ወደ ጀርመን ቅርንጫፉ ሲያዛውር የሚወጣ ፈቃድ ነው። ለሥራ አስኪያጅና ለስፔሻሊስት እስከ 3 ዓመት፣ ለሠልጣኝ እስከ 1 ዓመት ነው። ድርጅቱ ውስጥ ቢያንስ 6 ወር መሥራት ይጠይቃል። የሚጠየቀውም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሆኖ ነው፤ ገብቶ ማስተካከል የለም። ብትያዝ እገዳው የሚመጣው በአንተ ስም ነው፤ አለቃህማ ቦሌ ማኪያቶውን እየጠጣ «አይዞህ» ይልሃል። ቪዛው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልህ፣ ስትመለስ የት እንደምትቀመጥ በምደባ ደብዳቤው ላይ አስጽፍ። አስጽፍ!

ከፒያሳ፦ በኤል-1፣ ድርጅት ሠራተኛውን ወደ አሜሪካ ቅርንጫፉ በሚያዛውርበት ቪዛ፣ አሜሪካ ብሄድ ባለቤቴ መሥራት ትችላለች?

ትችላለች። በኤል-2፣ ማለትም በኤል-1 ሠራተኛ ቤተሰብ ቪዛ፣ የገባች የትዳር ጓደኛ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ለብቻ የሥራ ፈቃድ ማውጣት አይጠበቅባትም።

ከአራት ኪሎ፦ ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። አሜሪካ ሊልኩኝ ይችላሉ?

በኤል-1 ገና ነህ። ባለፉት 3 ዓመታት ውስጥ ከአሜሪካ ውጭ ሳይቋረጥ 1 ዓመት ለድርጅቱ ሠርተህ መሆን አለበት። «ዓመት ሞልቶታል ብለን እንጽፍልሃለን» ካሉህ ደግሞ ሽሽ።

ከሜክሲኮ፦ ናይሮቢ ለሁለት ዓመት ተመድቤያለሁ። ግብሬ የት ነው? ጡረታዬስ?

እህቴ፣ ይሄ በሬዲዮ አያልቅም። ቋሚ መኖሪያሽ እዚህ ከሆነ ወይም በዓመት ከ183 ቀን በላይ እዚህ ከቆየሽ፣ ሕጋችን የውጭ ገቢሽንም ያያል፤ እዚያ የከፈልሽው ሊታሰብልሽ ይችላል፣ ደረሰኝ ያዢ። የጡረታውን 7 ከመቶ ያንቺን፣ 11 ከመቶ የአሠሪሽን ማን እንደሚያስገባ አስጽፊ። ለቀረው የግብር ባለሙያ ዘንድ ሂጂ።

ከስታዲየም፦ ደብዳቤው ስመለስ የሥራ መደቤ ምን እንደሚሆን አይናገርም። ሰው ኃይል ግን «አታስቡ» ብለውኛል።

ያስቡ እንጂ! አባባ፣ «አታስቡ» ያሉዎት ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ሊለቅ ይችላል። ሳይፈርሙ የሠራተኛ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያሳዩ።