ሦስቱ ጋደም ብለው አንዱ ሲለፋ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም የምቀዳው ከሐዋሳ ነው፣ ከታቦር ተራራ ሥር። የባጃጅ ድምፅ ከገባ ታገሡኝ፤ መስኮቱን ብዘጋው ሙቀቱ አያስቀምጠኝም።

እሺ። እዚህ ከተማ ሶፍትዌር ከሚሠሩ ልጆች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ሮሮ አይጠፋም። ወሬው ወደ ካሜራ፣ ወደ ፎቶ፣ ወደ ምስል መለየት ከዞረ አንዱ ስኒውን አስቀምጦ «ምን ዋጋ አለው፣ ጂፒዩ የለን» ይላል፤ ከባድ ስሌት የሚያፈጥነውን የግራፊክስ ካርድ ማለቱ ነው። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ጨዋታውም እዚያ ላይ ይሞታል።

እኔ ዛሬ መከራከር አማረኝ። እንደዚያ ያለኝን ሰው መጀመሪያ የምለው «እስኪ ታስክ ማናጀርህን ክፈተው» ነው፤ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን መስኮት። ፕሮግራሙ እየሠራ ነው፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ደንበኛ ስልክ ይደውላል፤ የፕሮሰሰሩ አጠቃቀም ግን 25 በመቶ ላይ ተገትሯል። ፕሮሰሰሩ አራት ኮር፣ ማለትም ለየብቻ መሥራት የሚችሉ አራት ሠራተኞች፣ አለው። አንዱ ላቡ ጠብ እስኪል ይለፋል፣ ሦስቱ ጋደም ብለዋል። ካርድ የለኝም ከማለታችን በፊት የገዛነውን ፕሮሰሰር ሦስት አራተኛ ማን እንዳስተኛው ብንጠያየቅ ጥሩ ነው።

ነገሩ ታሪክ አለው። ድሮ ፕሮግራመሩ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ እንኳ ኮዱ ከዓመት ዓመት ይፈጥንለት ነበር፤ አዲስ ፕሮሰሰር ይመጣል፣ ያው ኮድ ይሮጣል። በፈረንጆቹ 2004 ግን ፕሮሰሰር አምራቹ ኢንቴል ሊያወጣው ያሰበውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ሰረዘው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ አላስኬድ ብሎ ነበር። በ2005 ኢንቴልም ተፎካካሪው ኤኤምዲም ለግል ኮምፒውተር ባለ ሁለት ኮር ፕሮሰሰር ይዘው ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ኮር እየጨመሩ ይሰጡናል፤ ሥራውን ለእነሱ ማከፋፈል ግን የእኛ ፋንታ ሆኗል። «ድር ቢያብር» ልትሉኝ ነው፣ አውቃለሁ። ተረቱ ግን ድሮቹ እርስ በርስ ሲጠላለፉ ምን እንደሚደረግ አይነግረንም። የዛሬው ወሬዬ ስለዚያ ነው።

ሥራዬ ከቡና ጋር ነው። ከሲዳማ ወረዳዎች የመጣ ጥሬ ቡና ነጭ ትሪ ላይ ይዘረጋል፣ ከላይ ፎቶ ይነሳል፤ ፕሮግራሙ ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን ለይቶ ይቆጥራል። ለስፔሻሊቲ ቡና፣ ለከፍተኛው የጥራት ደረጃ፣ ለዓመታት ሲሠራበት በቆየው መለኪያ ናሙናው 350 ግራም ነው። በውስጡ ከባድ የሚባለው ጉድለት፣ ለምሳሌ ሙሉ ለሙሉ የጠቆረ ፍሬ፣ አንድም መገኘት የለበትም፤ ቀላሉ ደግሞ ጥቂት ጥቂት ፍሬ እየተደመረ እንደ አንድ ጉድለት ይቆጠራል፣ ጠቅላላው ከአምስት ማለፍ የለበትም። 350 ግራም ማለት ከሁለት ሺህ በላይ ፍሬ ነው። አንዷን ጥቁር ፍሬ መሳት ወይም አንዷን የተሰበረች ፍሬ ሁለት ጊዜ መቁጠር ደረጃውን ሊለውጠው ይችላል። ይህን ያዙልኝ።

አሁን ፎቶው። 4000 በ3000 ነው እንበል፣ 12 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም የቀለም ነጥብ። መጀመሪያ የሚደረገው ማለስለስ ነው፦ እያንዳንዱ ፒክስል በዙሪያው ካሉት ጋር፣ በ5 በ5 መስኮት፣ ይመዘናል። ለአንድ ፒክስል 25 ማባዛት። ለጠቅላላው 300 ሚሊዮን፤ ያውም ለአንድ ቀለም ብቻ። ይህን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒክስል በፒክስል፣ በሎፕ (አንዱን ትእዛዝ እየደጋገመ) የሚሠራ ሰው አለ። ወዳጄ፣ ያን ሎፕ ዛሬውኑ ጣለው! ከ1999 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ኢንቴል ውስጥ፣ ሲገነባ የኖረው የምስል ሥራ ኮድ ስብስብ፣ ኦፕን ሲቪ፣ ይህንኑ ከፓይተን በሚፈጥነው ቋንቋ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ፣ ይሠራልሃል። ዛሬ ያሉት አብዛኞቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ደግሞ በአንዱ ኮር ውስጥ እንኳ 32 የፒክስል ዋጋዎችን በአንድ ትእዛዝ የሚያስተናግዱበት መንገድ አላቸው፤ ኦፕን ሲቪ እሱንም ይጠቀማል። ሌላም አለ፤ የጋውስ ማለስለሻ (ለቅርቡ ፒክስል የበለጠ ክብደት የሚሰጠው) ከሆነ መጀመሪያ አግድም 5፣ ቀጥሎ ቁልቁል 5 ማድረግ ይቻላል። ውጤቱ ያው ነው፣ ማባዛቱ ግን ከ25 ወደ 10 ይወርዳል። አንድም ኮር ሳይጨመር ማለት ነው። ኮር መቀስቀስ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ማለስለስ ለመከፋፈል ደስ ይላል፤ የአንዱ ፒክስል ውጤት የሌላውን ውጤት አይጠብቅም። ፎቶውን አራት ቦታ ቁረጡት፣ ለእያንዳንዱ ኮር 750 መስመር። አለቀ? አላለቀም። የመጀመሪያው ቁራጭ የመጨረሻ መስመር ላይ ያለ ፒክስል ከሥሩ ሁለት መስመር ማየት ይፈልጋል፤ እነዚያ መስመሮች ግን ጎረቤት ጋ ናቸው። ካልተሰጠው የራሱን ጠርዝ ደጋግሞ ይጠቀማል። ከዚያ ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት ቁራጮቹ በተጋጠሙበት ቀጭን ጭረት ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል፣ በአንዷ ፍሬ ሆድ ላይ ሳይቀር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤት ሁለት ሁለት መስመር አውሱት።

እንዲያውም ትምህርት ቤት ፓራለል ፕሮግራሚንግ፣ ሥራን ለብዙ ኮር ማከፋፈልን፣ የሚያስተምሩ ሰዎች ማትሪክስ (የቁጥር ሰንጠረዥ) ማባዛቱን ትተው ከፎቶ ቢጀምሩ እላለሁ። ማትሪክስ ውስጥ የተሳሳተ ቁጥር ቁጥር ነው፣ ማን ያየዋል? ፎቶ ላይ ግን ስህተቱ አፍጥጦ ያያችኋል።

ከማለስለስ ቀጥሎ ያለው ነው ጣጣው። ፍሬዎቹን አንድ ሁለት ብሎ መቁጠር። አንዷ የተሰበረች ፍሬ፣ ግማሿ ከ750ኛው መስመር በላይ፣ ግማሿ በታች ሆና ትሪው ላይ ተኝታለች። የመጀመሪያው ኮር «አንድ የተሰበረ» ይላል። ሁለተኛውም «አንድ የተሰበረ» ይላል። እንግዲህ ከቀላሉ ጉድለት አንዷን ግማሽ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቁጠር ምን እንደሚያመጣ አስቡት፤ አምስት የነበረው ጉድለት ስድስት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ቡናው ከስፔሻሊቲ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ከጨረሰ በኋላ በመጋጠሚያዎቹ መስመሮች ላይ ብቻ የሚሄድ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ፤ «ይቺና ያቺ አንድ ናቸው» እያለ ቁጥሮቹን ያዛምዳል። ሦስት መጋጠሚያ ብቻ ስለሆነ ጊዜ አይፈጅም። ግን ከሌለ ቀሪው ፍጥነት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቶሎ የመጣ ውሸት ይሆናል።

ሌላው መጠላለፍ በመዝገብ ላይ ነው። መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን አይታችሁ ከሆነ እያንዳንዷ የራሷ ክምር ፊቷ አለ፣ ማንም ማንንም አይነካም። አሁን አንድ ደብተር መሐል ላይ አስቀምጡና «መጥፎ ፍሬ ባገኛችሁ ቁጥር እዚህ ላይ አንድ ጨምሩ» በሏቸው። ሁለቱ እኩል ቀና ይላሉ፣ ሁለቱም 40 የሚለውን ያነባሉ፣ ሁለቱም 41 ብለው ይጽፋሉ። አንዷ ፍሬ ቀለጠች። ኮሮች በጋራ ቆጣሪ ላይ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የሚያናድደው ደግሞ አንዳንዴ ትክክል፣ አንዳንዴ ስህተት መሆኑ። ደብተሩን በቁልፍ ብታስሩት ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ግን ሁሉም ወረፋ ይዞ ይቆማል፣ ከአንድ ሠራተኛም የባሰ ልትዘገዩ ትችላላችሁ። ለእያንዳንዷ ብጣሽ ወረቀት ስጡና ማታ ደምሩት። የቀለም ስርጭት ስትቆጥሩም እንዲሁ።

«ታዲያ አራት ኮር አራት እጥፍ ያፈጥናል?» የለም። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያነሣው ሐሳብ አለ፣ ዛሬም አልተሻረም። ሥራው አሥር ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ሁለቱ ሰከንድ የማይከፋፈል ነው፣ ለምሳሌ ፋይሉን ከዲስክ ማንበብ። ቀሪው ስምንት ለአራት ሲካፈል ሁለት፣ በድምሩ አራት ሰከንድ። ሁለት እጥፍ ተኩል ነው ያገኛችሁት። ሺህ ኮር ብታመጡ ከአምስት እጥፍ አታልፉም። በዚያ ላይ ኮሮቹ ሁሉ የሚቀዱት ከአንድ ራም፣ ከአንድ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ፣ ነው። በዚያም ላይ የሐዋሳ የቀትር ሙቀት አለ፦ ሁሉም ኮር ሲነሣ ላፕቶፑ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሌላ ደግሞ፣ ታስክ ማናጀር አራት ብሎ የሚያሳያችሁ አሮጌ ላፕቶፕ በትክክል ያለው ሁለት ኮር ሊሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ሁለት መስሎ ነው የሚታየው።

ለዚህ ነው ብዙ ፎቶ ሲኖረኝ አንዱን ፎቶ መቆራረጡን የምተወው። ለእያንዳንዱ ኮር አንድ ሙሉ ፎቶ እሰጣለሁ። መጋጠሚያ የለም፣ ጭረት የለም፣ ድርብ ቆጠራ የለም። በፓይተን ይህን ስታደርጉ በአንዱ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ትሬድ ሳይሆን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ክፈቱ፤ በተለመደው ፓይተን የራሱን ኮድ በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲያስኬድ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። ራሙን ግን አስሉ፤ አንድ ፎቶ ተከፍቶ 36 ሜጋባይት ነው፣ በየደረጃው ቅጂ ሲፈጠር ይባዛል። ውጤቱንም ፎቶ በፎቶ ዲስክ ላይ ጻፉ። መብራት እንደሆነ ሳይናገር ይሄዳል።

ጂፒዩን እየናቅኩ አይደለም። በ2012 አሌክስኔት የሚባለው ፎቶ ለዪ ሞዴል 1.2 ሚሊዮን ፎቶ አይቶ የተማረው በሁለት ጂቲኤክስ 580 ካርድ ነው፣ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን ፈጅቶ። ለጌም የተሠሩ፣ 3 ጊጋባይት ሜሞሪ ያላቸው ካርዶች። ሞዴል ማሠልጠን ከሆነ ሥራችሁ ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ ክርክር የለኝም። በነገራችን ላይ እዚህ ከተማ ደህና ካርድ የምታገኙት ሰርግ የሚቀርጹ ፎቶ ቤቶች ጋ ነው፤ በጾም ወቅት ሰርግ ስለሌለ ማሽኑ ሥራ ይፈታል፣ ተነጋገሩ። ለአንድ ቀላል ማለስለስ ግን ፎቶውን ወደ ካርዱ መላክና መመለስ ራሱ ከሥራው ሊረዝም ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ያለ ነፃ ጂፒዩ ለሚሉኝም፦ ሺህ ፎቶ፣ አንዱ 5 ሜጋባይት፣ 5 ጊጋባይት ነው። የዳታውን ሂሳብ ማን ይከፍላል?

አሁን የያዘኝ ስልክ ነው። ሥራውን እዚያው ቡናው ያለበት፣ ሰብሳቢው እጅ ላይ ባለ ስልክ ማስኬድ። ስምንት ኮር አላቸው ይባላል፤ ግን እኩል አይደሉም፣ ጥቂቶቹ ጉልበተኛ፣ ሌሎቹ ባትሪ ቆጣቢ። ፎቶውን ስምንት እኩል ቦታ ብትቆርጡት ጉልበተኞቹ ቶሎ ጨርሰው ደካሞቹን ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ በጣም ትንንሽ ቁራጭ አድርጌ፣ የጨረሰ እየመጣ ቀጣዩን እንዲወስድ እያደረግኩ ነው። ቁራጩ ካነሰ መጋጠሚያው በዛ፣ መጋጠሚያው ከበዛ ያቺ ግማሽ ፍሬ ተመልሳ መጣች። 256 በ256 ፒክስል ቁራጭ ይሻላል ወይስ 512 በ512፣ እየለካሁ ነው። ስልካችሁ ላይ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ኮዱን እልክላችኋለሁ፤ የስልካችሁን ሞዴልና የፈጀውን ሰከንድ ብቻ መልሱልኝ። በሉ ቻው።