ግመል ፒካፕ ላይ እንዴት ይጫናል?

[ምስል፦ ድሬዳዋ ዳርቻ፣ ማለዳ። ሰዎች አንድ ግመል ከበው ይጮኻሉ።]

«ወሪያ! ግፋ እንጂ!»

ድሬ ያደገ ሰው ይህን ትርምስ ያውቀዋል። አንዱ ጅራት ይጎትታል፣ አንዱ በዱላ ይነካካል። ግመሉ ንቅንቅ አይልም። ያደገ ግመል ከ400 እስከ 600 ኪሎ ይመዝናል። በክንድ እናነሳዋለን ማለት ቀልድ ነው።

ከገመድም ከጉልበተኛም በፊት ቦታ ፈልጉ።

[ምስል፦ ፒካፑ ወደ አፈር ጠርዝ በኋላ ማርሽ ይጠጋል።]

መኪናውን ዝቅ ያለ ቦታ አቁሙ። ኋላውን ከፍ ካለ የአፈር ጠርዝ ጋር አስጠጉት። የካሶኒው፣ ማለትም የኋላ መጫኛው፣ ወለልና መሬቱ እኩል ከሆኑ ግመሉ ዘሎ መውጣት አይጠበቅበትም፤ ተራምዶ ይገባል። ክፍተት አትተዉ፣ እግር ይሰብራል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

የደረቅ ወንዝ ዳር ለዚህ ምቹ ነው። በክረምት ግን ተዉት። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ተራራው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይደርሳል። ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ያመጣውን ጎርፍ ማን ይረሳል?

የደብል ጋቢና ካሶኒ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ላደገ ግመል አይበቃም፤ ሲንግል ጋቢና ይሻላል። ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ በትኑ። ባዶ ብረት ያንሸራትታል፤ የድሬ ፀሐይ ካረፈበት ደግሞ የጋለ ምጣድ ነው።

ግመሉን የሚያውቀው ሰው ከፊት ይምራው። ረዳቱ በጎን፣ ከትከሻው ትንሽ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይቁም። ከብት ከትከሻው ኋላ ሰው ሲያይ ወደፊት ይሄዳል፣ ከፊቱ ሲያይ ያፈገፍጋል። ግመል ወደ ጎንም ይራገጣል፤ ስለዚህ አትለጠፉበት።

[ምስል፦ ግመሉ ካሶኒው ውስጥ ሲንበረከክ፣ ቀስ ብሎ።]

ከገባ በኋላ አንበርክኩት። ቆሞ አይጓዝም! ወደ ሐረር ከሆነ የደንገጎን ጠመዝማዛ አስቡት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ያ ሁሉ ዳገት ነው። የቆመ ግመል ክብደቱ ወደ ላይ ከፍ ያለ ነው፤ ኩርባው ላይ መኪናውን ይዞት ይገለበጣል።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ግመል ሲነሳ የኋላ እግሩን ቀድሞ ያቃናል፣ የፊቱን ያስከትላል። የፊት እግሩን ብቻ እንደታጠፈ ካሰራችሁት ኋላውን አንስቶ በአፍጢሙ ሊደፋ ይችላል። ስለዚህ የኋላውንም እሰሩ። በጀርባው ላይ ሌላ ገመድ አሳልፋችሁ ከካሶኒው ማሰሪያ ጋር ያዙት። ቀጭን ሲባጎ ሥጋ ይቆርጣል፤ ወፍራም ገመድ ተጠቀሙ፣ ሥሩ ጨርቅ አድርጉ።

አንገቱን አሳጥራችሁ አትሰሩ። በጎኑም አታስተኙት። የሚያመሰኳ እንስሳ በጎኑ ብዙ ሲተኛ ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ሊሞትም ይችላል። በደረቱ ይቀመጥ። ደረቱ ሥር ለዚሁ የተፈጠረ ወፍራም፣ የደነደነ ቆዳ አለው።

[ምስል፦ ሐረር መግቢያ። መኪናው ሌላ የአፈር ጠርዝ ይፈልጋል።]

ሲወርድም ያው ጠርዝ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የጀርባውን ገመድ ፍቱ፣ ቀጥሎ የእግሮቹን። ወዲያው አትጎትቱት። እግሩ ደንዝዟል፣ በራሱ ጊዜ ይነሳ።